የደም ካንሰር ሕክምናውን ቤት ሆኖ የሚከታተል የ4 ዓመት ልጅ እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ ከደሴ እናት

ጤና ይስጥልኝ። የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ዓመት የደም ካንሰር፣ ያውም በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የተባለው ዓይነት ተገኝቶበት፣ አዲስ አበባ ለወራት ተኝቶና ተመላልሶ ከባዱን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ጨርሷል። አሁን ሐኪሞቹ ሜንቴናንስ የሚሉት፣ በሽታው እንዳይመለስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወሰድበት ምዕራፍ ላይ ነን። በየቀኑ ማታ ሜርካፕቶፑሪን፣ በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት ይውጣል፤ በየወሩ አዲስ አበባ ሄደን ቪንክሪስቲን በደም ሥሩ ይሰጠውና ከዚያ ለ5 ቀናት ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል። ይህ ሁሉ ገና ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቀጥል ተነግሮናል።

መድኃኒቱን ሐኪሞቹ ያውቁታል። እኔን ያስቸገረኝ አስተዳደጉ ነው። ፀጉሩ በቅሎ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ሲሯሯጥ ያየው ሁሉ «ልጁ ድኗል፤ ለምን በመድኃኒት ታደክሚዋለሽ?» ይለኛል። አማቴ በተለይ መድኃኒቱ ይቅርና ጸበል ይወሰድ ባይ ናቸው፤ ክፋት እንደሌላቸው አውቃለሁ፣ ነገር ግን ባለቤቴም ከእናቱ ጋር ተነጋግሮ በመጣ ቁጥር ልቡ ሲያመነታ አያለሁ። ልጁ በበኩሉ ክኒኑን ሲያይ ጥርሱን ይነክሳል፤ አንዳንድ ማታ ልመናው ከራት ተጀምሮ እስከ መኝታ ይዘልቃል። ፕሬድኒሶሎን በሚወስድባቸው ቀናት ደግሞ ሌላ ልጅ ይሆንብኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ፍርፍር ካልተሠራልኝ ብሎ ያለቅሳል፤ ሲቀርብለት ደግሞ «አልጫውን ነው እንጂ ቀዩን አላልኩም» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። ታላቅ እህቱን ይመታታል፤ እሷ 8 ዓመቷ ነው፤ እኛ አዲስ አበባ በነበርንበት ጊዜ ከአያቷ ጋር ቀርታ ነበር። በቀደም «እኔም ቢያመኝ ኖሮ ትወጂኝ ነበር» አለችኝና መልስ አጣሁ።

ከታመመ ጀምሮ እምቢ የተባለበት ነገር የለም። ይህን ያህል ስቃይ ያየን ልጅ እንዴት ልቆጣው እችላለሁ? ደግሞስ መዋዕለ ሕፃናት ላስገባው ወይስ እስኪጨርስ ቤት ላቆየው? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወላጆች ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።


መልስ ከባሕር ዳር አባት

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። የእኔ ልጅ ይህንኑ ሕክምና ጨርሳ ዛሬ ተማሪ ናት። ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የባለቤትዎ ማመንታት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በዚህ በሽታ ደሙ ከካንሰሩ ሴሎች የሚጠራው ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው የኬሞ ወር ነው። የቀረው ረጅም ሕክምና በምርመራ የማይታየውን ቅሪት ለማጥፋት የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባሉ የቦስተን ሐኪም ሉኪሚያ የያዛቸው ሕፃናት በመድኃኒት ደማቸው ሊጠራ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አሳይተው ነበር፤ ሆኖም ልጆቹ ለጥቂት ጊዜ ጤነኛ መስለው ከቆዩ በኋላ በሽታው ተመለሰባቸው። ሕፃናት በእርግጥ መዳን የጀመሩት ብዙ መድኃኒቶች በአንድነትና ለዓመታት መሰጠት ከጀመሩ በኋላ ነው። አማትዎ የገጠርን ሥራ የሚያውቁ ከሆነ፣ ሙጃ ላይ ላዩ ተነቅሎ ሥሩ ከቀረ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም፤ እኔ እናቴን ያግባባኋት በዚህ ነው። ባለቤትዎን ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውት ይሂዱና ከሐኪሙ አፍ ይስማ። ሚስት የምትለውና ሐኪም የሚለው አንድ ቢሆንም፣ በእኛ ቤት የሚደመጠው የትኛው እንደሆነ እናውቃለን።

ማታ ማታ የሚውጠውም ክኒን ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከታዘዘላቸው ሜርካፕቶፑሪን ከ95 በመቶ በታች የወሰዱ ሕፃናት በሽታው የሚመለስባቸው ዕድል ከሌሎቹ ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በወር ሁለት ማታ መዝለል ከዚያ መስመር በታች ያደርሳል ማለት ነው።

ስለ ቁጣ የጠየቁትን በተመለከተ፣ የእኔ አቋም ጠንከር ያለ ነው፤ የማይስማማ ሊኖር ይችላል። ልጅ ከትናንት ወዲያ ይከለከል የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲፈቀድለት ደስ ብሎት ብቻ አይቀርም፤ አዋቂዎቹ አንድ ትልቅ ነገር እንደፈሩ ይገባዋል፤ ፍርሃታቸውም ይተርፈዋል። ስለዚህ በፕሬድኒሶሎን ቀናት ረሃቡና ለቅሶው የመድኃኒቱ ሥራ መሆኑን ተረድተን ምግቡን እንሰጣለን፤ እህትን መምታት ግን በእነዚያም ቀናት አይፈቀድም። እኛ ቤት ሕጉ ይኸው አንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ማንንም አይመታም። ስትማታ ሳልጮህ እጇን ይዤ «ተናደሻል፣ መድኃኒቱ ያናድዳል፣ መምታት ግን የለም» እላትና ከክፍሉ ይዣት እወጣ ነበር። የሌሊቱን ረሃብ በተመለከተ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች ወይም ቂንጬ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢያድር ምጣድ ከመጣድ ያድናል፤ ምርጫውንም ከመተኛቱ በፊት ይጠይቁት፤ ሌሊት ላይ ድርድር የለም።

አንድ ነገር ለጎረቤትም ለዘመድም ይንገሩ። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚለው ማስፈራሪያ ከቤታችሁ ይጥፋ። ይህ ልጅ መርፌን የሚያውቀው እንደ ቅጣት ከሆነ በየወሩ የሚቀጣበትን ጥፋት ሲፈልግ ይኖራል።

ስለ ጉዞው፣ እስካሁን ካልሰሙ፣ ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ የተባለ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያ አለው። ልጃቸውን ማቲዎስን በዚሁ በሽታ ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ሕሙማንን ይረዳል። በጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል የሚታከሙ ከሆነ ነርሶቹ ወደነዚህ ያመላክትዎታል።


መልስ ከሕፃናት ነርስ

በካንሰር ክፍል ስለምሠራ ስለ ክኒኑ አሰጣጥ ብቻ ልጻፍ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሌላም የሚያስፈልግ ሆኖ አገኘሁት።

ክኒኑን በሚወደው ምግብ ውስጥ አይደብቁበት። መራራ ጣዕሙን አንድ ቀን ያገኘ ልጅ ክኒኑን ብቻ ሳይሆን ገንፎውንም እርስዎንም መጠርጠር ይጀምራል። «ከረሜላ ነው» ብሎ መስጠትም አደገኛ ነው፤ ዞር ሲሉ እሱ ወይም እህቱ ከረሜላውን ፍለጋ ይወጣሉ። መድኃኒት መሆኑን በስሙ ይንገሩት፣ መዋጡ ለድርድር እንደማይቀርብም ይወቅ፤ ምርጫ የሚሰጠው በአወሳሰዱ ላይ ነው። በቀዩ ኩባያ ነው ወይስ በነጩ? በማንኪያ ነው ወይስ መርፌው በተነቀለለት ሲሪንጅ? እናት ጭን ላይ ነው ወይስ ወንበር ላይ? ሙሉ ክኒን መዋጥ ካልቻለ በትንሽ ውኃ አሟሙተው ወዲያው ይስጡት፤ ከዚያ የፈለገውን ጣፋጭ ያስከትሉለት። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን፤ ከራት ጋር ወይስ ያለ ራት የሚለውን ሐኪምዎ እንዳዘዙት ይያዙት፤ ዋናው በየቀኑ አለመለዋወጡ ነው። ቢያስመልሰው በራስዎ ፈቃድ አይድገሙለት፤ ይደውሉና ይጠይቁ።

ክኒኑን የሚከፍለው ወይም የሚያሟሙተው ሰው ጓንት ያድርግ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ሴት ብትሆን ይህን ሥራ ለሌላ ብትተው ይሻላል። የሚሟሟበት ኩባያና ማንኪያ ለዚሁ ብቻ ይለይ።

ሜቶትሬክሴት የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ ከተሰጠ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ልጁን አንዳንድ ጊዜ አያቱ የሚያሳድሩት ከሆነ፣ ቀኑ በትልቁ ተጽፎ ከመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ይለጠፍ፤ ከሌሎቹም ተለይቶ ይቀመጥ። በየወሩ የሚታየው የደም ውጤት ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፤ ስለዚህ ባለፈው ወር ግማሽ ክኒን የነበረው በዚህ ወር ሌላ ሊሆን እንደሚችል የሚሰጠው ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ ትኩሳት። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ልጁ እየሳቀም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሄዳል። ነጭ የደም ሴሉ በኬሞ የወረደበት ልጅ ኢንፌክሽኑ በሰዓታት ውስጥ ሊጥለው ስለሚችል ሆስፒታል በደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል። ደሴ ስላላችሁ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ አዲስ አበባ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ እዚያው ያለ ሆስፒታል ይግባ፣ ከዚያ ሐኪሞቹ ይደዋወሉ። ለዚህም ከሐኪምዎ ደብዳቤ ያስጽፉ፤ ተረኛው ሐኪም ልጁን አይቶት ስለማያውቅ ጉንፋን ነው ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል።

መዋዕለ ሕፃናት መግባቱን እኔ እደግፋለሁ፤ የደሙን ውጤት አይቶ የሚፈቅደው ግን ሐኪሙ ነው። ርዕሰ መምህሯ አንድ ነገር ቃል ይግቡልዎ፤ በክፍሉ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ ከተገኘ ያኑ ዕለት ይደውሉ። እርስዎም ያኑ ዕለት ለሐኪሙ ይደውላሉ፤ በጊዜ ከተደረሰ መከላከያ ሊሰጠው ይቻላልና። በዘመቻ የሚሰጡ የኩፍኝና የአፍ ፖሊዮ ክትባቶችን ሕያው ክትባት (የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለበት) ስለሆኑ እሱ በሕክምና ላይ እያለ አይወስዳቸውም፤ ቤት ለቤት የሚመጡት ባለሙያዎች ይህን ላያውቁ ስለሚችሉ እርስዎ ይንገሯቸው።

ምግቡ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው፤ ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተት፣ ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎና አይብ ግን አይቀርቡለትም። የፋሲካ ዶሮ ወጥ በደንብ የበሰለ ስለሆነ ይብላ፤ ክትፎው ይለፈው።


መልስ ከአዲስ አበባ ዲያቆን

ስለ ጸበሉ ጥቂት ልበል፤ ይህ ጉዳይ ብዙ ቤት ስለሚያጨቃጭቅ።

ከዓመታት በፊት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸውንና ጸበሉን አብረው እንዲይዙ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። በልጅዎም ጉዳይ ነገሩ ያው ነው። አማትዎን «ጸበሉን ተዉት» ማለት ጠብ ያመጣል፤ «መድኃኒቱን ሳናቋርጥ እንጸልይለት» ማለት ግን ከእምነታቸው ጋር አያጣላዎትም። የንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው ቢጸልዩለት፣ አማትዎም በተቀመጡበት «መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ» የሚል ቃል ከእሳቸው አፍ ቢወጣ፣ እኔ ካየሁት ከማንኛውም ክርክር በላይ ይሠራል። ያልተፈላ ውኃ መጠጣትና በሰው ብዛት መካከል መጠመቅ ለእንዲህ ያለ ልጅ አደጋ እንዳለው ለአባታችን ቀድመው ይንገሩ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ በጾም ወቅት ከምግቡ ምንም አይቀነስበት።


መልስ ከሜሪላንድ እናት

ልጄ ሕክምናዋን እዚህ አሜሪካ እየጨረሰች ነው። ስለ ትልቋ ልጅዎ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣት።

የ8 ዓመት ልጅ ወንድሟ የታመመው ከተጣሉ በኋላ ወይም «ባይኖር» ብላ ከተመኘች በኋላ ከሆነ ጥፋቱን የራሷ አድርጋ ልትይዘው ትችላለች፤ ሳትጠየቅም አትናገርም። ስለዚህ ባትጠይቅዎም ይንገሯት፦ ይህ በሽታ ከማንም አልተላለፈም፣ ወደ እሷም አይተላለፍም፣ ማንም በተናገረው ወይም ባሰበው አልመጣም። «ትወጂኝ ነበር» ላለችውም እኔ ብሆን ስለ ፍቅር ንግግር አላበዛም ነበር፤ በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት፣ ወንድሟ የማይገባበት፣ ፀጉሯን የሚሠሩበት ወይም ገበያ ይዘዋት የሚወጡበት ቢኖር ይሻላል። ስለ ሕመሙ ሥራ መስጠቱም ይጠቅማል፤ ነገር ግን የነርስነት ሥራ አይሁን። መድኃኒት መስጠት የአዋቂ ሥራ ነው። እሷ ለአዲስ አበባ ጉዞ የሚይዛቸውን መጫወቻዎች ብትመርጥለት ይበቃታል።

እዚህ ሆስፒታሎች ልጆችን በጨዋታ ለሕክምና የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች አሉ። የሚያደርጉት ግን ቤትዎም ሊሆን የሚችል ነው፦ አሻንጉሊት፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ፕላስተርና ጥጥ። ልጁ ሐኪም ይሁንና አሻንጉሊቱን ይውጋ። የእኔዋ ድቧን ከጀርባው ስትወጋ «እንዳትንቀሳቀስ፣ ማልቀስ ግን ትችላለህ» ስትለው ሰማኋት፤ ሲወጓት ነርሷ የምትላትን ቃል በቃል ነበር የደገመችው። ልጅዎም በጨዋታው ምን እንደሚያስፈራው ይነግርዎታል። ከጉዞ በፊት ግን ከሳምንት ቀደም ብሎ አይንገሩት፤ ለ4 ዓመት ልጅ ከዋዜማው ማታ ይበቃዋል። «አያምም» አይበሉት፤ «ትንሽ ያምማል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እኔም አጠገብህ ነኝ» ይበሉት።

ከባሕር ዳሩ ወንድማችን ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ነገር ግን እኛ ለእያንዳንዱ መርፌና ለእያንዳንዱ ማታ አንድ ዶቃ በክር ላይ እንጨምርላት ነበር። አንዳንዶች ጉቦ ይሉታል። ለእኔ ግን ክሩ ሲረዝም ያለፈችውን በዓይኗ እንድታይ ረድቷታል፤ እዚያ ደግሞ ዶቃ በርካሽ ይገኛል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ዘመድ ከውጭ እንዲልክ ይጠየቃል። እዚህ ሜርካፕቶፑሪን በ50 ሚሊ ግራም ክኒንም በሽሮፕም አለ፤ የሽሮፑ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ «ግማሽ» ወይም «አንድ ማንኪያ» በሚል ልማድ አይስጡ፤ የተላከውን ዕቃ ለሐኪሙ ወይም ለሆስፒታሉ ፋርማሲስት አሳይተው በሚሊ ግራም ያስሰሉ።


ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ጽሑፋችሁን አንብቦ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮን እንደሚሄድ ነግሮኛል። አማቴም የንስሐ አባታችን እንዲመጡ ተስማምተዋል። ለነርሷ እህታችን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሌሊት ሰውነቱ ሲሞቀኝ ቶሎ ብዬ ፓራሲታሞል እሰጠዋለሁ፤ ልክ ነው? ደብዳቤውስ ላይ ምን እንዲጻፍ ልጠይቅ?


መልስ ከሕፃናት ነርስ

በእጅ ከመዳሰስ ይልቅ በመጀመሪያ በዲጂታል ቴርሞሜትር በብብቱ ይለኩ፤ በፊንጢጣ አይለካም። ከመለካትዎ በፊት ፓራሲታሞል አይስጡት፤ ትኩሳቱን ደብቆ ኢንፌክሽኑን ግን ስለማይነካው ጊዜ ያባክንብዎታል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ ሐኪሙ ካላዘዛቸው በቀር ጭራሽ አይስጡት፤ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በወረደበት ጊዜ ደም መፍሰስ ሊያስከትሉበት ይችላሉ። የሆድ ድርቀት ከያዘውም፣ ቪንክሪስቲን ብዙ ጊዜ ያደርቃልና፣ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት አይጠቀሙ፤ የሚጠጣ እንዲታዘዝለት ይጠይቁ። እግሩን እየጎተተ መራመድ ወይም መንገጭላው ማመም ከጀመረም ይኸው መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል እስከሚቀጥለው ወር ሳይቆዩ ይናገሩ።

ደብዳቤው ላይ የበሽታው ስም፣ ያለበት የሕክምና ምዕራፍ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ አለርጂ ካለበት እሱ፣ ከዚያም «38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለው ወዲያውኑ የደም ምርመራ ተወስዶ ውጤቱ ሳይጠበቅ በደም ሥር ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይጀመርለት» የሚል ትእዛዝ ከነመድኃኒቱ ስምና መጠን ይስፈር። ማኅተምና በማታም የሚነሣ የክፍሉ ስልክ ቁጥር አይርሱ። ልጁ ክብደት ሲጨምር የመድኃኒቱ መጠን ስለሚለወጥ በየጥቂት ወሩ ያሳድሱት። አንዱን ቅጂ ከክትትል ካርዱ ጋር ያኑሩ፣ ሁለተኛውን አያቱ ቤት፣ ሦስተኛውን ለርዕሰ መምህሯ ይስጡ።